ኦሲሌተር የሚመዘነው ገመድ ሲሰካበት ነው

ሰሞኑን ስለ ሞጁላር ሲንተሳይዘር (ሞጁል የሚባሉ ክፍሎቹ በገመድ እየተያያዙ ድምፅ ስለሚያወጡበት መሣሪያ) የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። የአናሎግ ኦሲሌተር ሞጁል ጊዜው አልፎበታል፣ ዛሬ አዲስ ሲስተም የሚገነባ ሰው ዲጂታሉን ብቻ ይያዝ ይላል። ጸሐፊው አምስት ምክንያት ይደረድራሉ። አናሎጉ ቅኝት አይጠብቅም። «ሞቅ ያለ ድምፅ» የሚባለው ነገር ተረት ነው። አናሎጉ የሚሰጠው ሦስት አራት ሞገድ ብቻ ሲሆን ዲጂታሉ በዚያው ስፋት ደርዘን ይሰጣል። ኤፍኤም የሚባለውን ሥራ፣ ማለትም አንዱ ኦሲሌተር ሌላውን ማወዛወዙን፣ ዲጂታሉ አጥርቶ ይሠራዋል። በመጨረሻም አናሎጉ የሚሠራባቸው ቺፖች ጠፍተዋል።

ጽሑፉ ደህና አድርጎ የተጻፈ ነው። ከአምስቱ አንዱን ከሞላ ጎደል እቀበለዋለሁ። አንዱን ደግሞ በከፊል። በቀሩት ላይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ጀማሪዎች አንብበውት ውሳኔ የሚወስኑበት ጉዳይ ነውና።

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ኦሲሌተር የሲንተሳይዘር ድምፅ የሚነሳበት ክፍል ነው። ዲጂታሉ ሞገዱን በቁጥር እያሰላ ያወጣዋል። በአናሎጉ ውስጥ ግን አንድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል) አለ። ይሞላል፣ የተወሰነ ደረጃ ላይ ሲደርስ ይራገፋል፣ እንደገና ይሞላል። ይህ በሰከንድ 440 ጊዜ ሲደጋገም ኦርኬስትራ የሚቃኝበት «ላ» ይሰማል። የመሙላቱን ፍጥነት የሚወስነው ከውጭ በገመድ የሚመጣ ቮልቴጅ ነው። ሮበርት ሙግ ከ1964 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሠሯቸው ሞጁሎች የተስፋፋው ስምምነት፣ 1 ቮልት ሲጨመር ድምፁ 1 ኦክታቭ ይወጣል፣ ማለትም ድግግሞሹ እጥፍ ይሆናል የሚል ነው። ሌላው ሠሪ ዶን ቡክላ በ200 ተከታታይ ሞጁሎቻቸው 1.2 ቮልት መርጠዋል። ዛሬ የብዙው ሰው ሲስተም የሚሄደው ግን በ1 ቮልት ነው።

አሁን ወደ ቅኝቱ። ይህ ክስ ከሁሉም በላይ የተደጋገመ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ጸሐፊው ሙዚቀኛዋን ዌንዲ ካርሎስን በምሳሌነት ያነሳሉ። ካርሎስ በ1968 የወጣውን የባክ ሥራዎች አልበም በሙግ ሲንተሳይዘር ሲቀዱ መሣሪያው በየጊዜው ከቅኝት ይወጣባቸው ነበር ይላሉ። እውነት ነው። ግን ለምን ይወጣ እንደነበር አልነገሩንም። ምክንያቱን ካላወቅን ደግሞ ችግሩ ዛሬም አለ ወይስ የለም ብለን መፍረድ አንችልም።

ነገሩ የሚጀምረው ከትራንዚስተሩ ነው። በእያንዳንዱ ቮልት የድምፁ ድግግሞሽ እጥፍ እንዲሆን፣ ካፓሲተሩን የሚሞላው ከረንትም (የኤሌክትሪክ ፍሰትም) እጥፍ መሆን አለበት። ትራንዚስተር ይህን በተፈጥሮው ያደርገዋል። ቤዙ (መቆጣጠሪያ እግሩ) ላይ 18 ሚሊቮልት ገደማ ሲጨመርለት የሚያሳልፈው ከረንት እጥፍ ይሆናል። ችግሩ ይህ 18 ሚሊቮልት በሙቀት የሚለዋወጥ መሆኑ ነው። ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር የአንድ በመቶ ሲሶ ያህል ይቀየራል። ትንሽ ይመስላል። ግን ከመነሻው ድምፅ 5 ኦክታቭ ርቀን ስንጫወት፣ ያቺ አንዲት ዲግሪ 20 ሴንት ታዛባለች። ሴንት ማለት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው፤ ስለዚህ 20 ሴንት የግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ ነው። ጆሮ ይሰማዋል።

ይህ ግን መፍትሔ ያጣ ችግር አይደለም። መሐንዲሶች በአንድ የሲሊከን ቁራጭ ላይ አብረው የተሠሩ ሁለት ትራንዚስተሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። አንዱ ሲሞቅ ሌላውም እኩል ይሞቃል፤ የአንዱ መዛነፍ የሌላውን ያጣፋል። ይህ ሳያስተካክለው የሚቀረውን ደግሞ አንድ ልዩ ሬዚስተር ያርመዋል። ሬዚስተሩ በሙቀት የሚጨምረው በዚያው በአንድ በመቶ ሲሶ ልክ ነው። ከትራንዚስተሮቹ ጋር ይለጠፋል፣ እነሱ የሚሞቁትን እኩል ይሞቃል፣ ስህተቱንም ይመልሰዋል። አንዳንድ ዲዛይን ከዚህም አልፎ ትራንዚስተሮቹን ሆን ብሎ በማሞቅ በአንድ ሙቀት ላይ ያቆማቸዋል። ሙግ ራሳቸው የመጀመሪያውን 901 ኦሲሌተር በ921 ሲተኩት፣ ከዋና ዋና ማሻሻያዎቹ አንዱ የቅኝት መረጋጋት ነበር። የ1968ቱን መሣሪያ ይዞ የዛሬውን መክሰስ በአባት ዕዳ ልጅን መያዝ ነው።

በደንብ የተሠራ የዛሬ ሞጁል ከእኛ የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው። ካበሩት በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ይሙቅ። ከዚያ ይቃኙት። ጊታርም ከመጫወቱ በፊት ይቃኛል፤ በዚህ ምክንያት ጊታር ለሙዚቃ አይሆንም ያለ ሰው አልሰማሁም።

ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኦሲሌተሩ አይደለም። ይህን ከራሴ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ሦስት ኦሲሌተሮችን በአንድ ተራ የገመድ ማከፋፈያ ከአንድ ኪቦርድ ጋር አገናኘሁ። እያንዳንዱን ለብቻው ስቃኘው ልክ ነው። ሦስቱን ባንድ ላይ ሰክቼ ወደ ላይ ስወጣ ግን፣ አብሯቸው ከሚጫወተው ሌላ መሣሪያ ጋር ይጣላሉ። ሦስት ኦክታቭ ላይ 70 ሴንት ያህል ወርደው አገኘኋቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በትንሿ ካቻቪቴ ትሪመሮቹን (ትናንሾቹን የቅኝት ማስተካከያዎች) ሳሽከረክር ከረምኩ። ኦሲሌተሮቹን ልሸጣቸው ሁሉ አስቤ ነበር።

ጥፋቱ የማከፋፈያው ነበር። የኪቦርዱ መውጫ ሬዚስታንስ 1 ኪሎ ኦም ነው፣ የእያንዳንዱ ኦሲሌተር መግቢያ ደግሞ 100 ኪሎ ኦም። አንድ ኦሲሌተር ብቻ ሲሰካ ከቮልቴጁ 1 በመቶ ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። ሦስት ሲሰካ 3 በመቶ ገደማ። ልዩነቱ 2 በመቶ ነው፤ ይህ በየኦክታቩ 23 ሴንት ያህል ይበላል። ተራውን ማከፋፈያ ባፈር (ቮልቴጁን ሳያሳንስ የሚያሳልፍ ክፍል) ባለው ስቀይረው ነገሩ ባንዴ ተስተካከለ። ኦሲሌተሮቹን በከንቱ ነበር የጠረጠርኳቸው። አናሎግ ቅኝት አይጠብቅም ከሚሉት ሰዎች ስንቱ በዚህ መንገድ እንዳለፈ እጠይቃለሁ።

ዲጂታሉስ? እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ ነገር ዘለዋል። በሞጁላር ዓለም ዲጂታል ኦሲሌተርም የሚታዘዘው በቮልቴጅ ነው። ያንን ቮልቴጅ ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት። በ12 ቢት የሚለውጥ ከሆነ 10 ቮልቱን ለ4096 ደረጃ ይከፍለዋል። አንዱ ደረጃ ወደ 2.4 ሚሊቮልት ነው፤ ይህም 3 ሴንት ገደማ መሆኑ ነው። 16 ቢት የሆነው ከዚህ በጣም ይረቃል። የሆነ ሆኖ መግቢያው ካልተስተካከለ፣ ውስጡ ያለው ሒሳብ የቱንም ያህል ፍጹም ቢሆን የሚሰማው ቅኝት የተሳሳተ ነው።

በከፊል የምቀበለው እዚህ ላይ ነው። መድረክ ላይ፣ ሙቀቱ በሚለዋወጥበት ቦታ፣ አራት ኦሲሌተር አንድ ላይ ኮርድ እንዲይዙ ከፈለጋችሁ ዲጂታሉ ያሳርፋችኋል። በጣም ከፍ ባለ ድምፅ ላይም አናሎጉ ይቸገራል። ካፓሲተሩ ለመራገፍ ጊዜ ይፈጃል። 1 ማይክሮ ሰከንድ ቢፈጅ፣ በ100 ሄርዝ (በሰከንድ 100 ዙር) ላይ ማንም አያስተውለውም። በ5000 ሄርዝ ላይ ግን አንዱ ዙር 200 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ድምፁ 9 ሴንት ያህል ይወርዳል። ጥሩ ሞጁሎች ለዚህ የተለየ ትሪመር አላቸው። የሌላቸውም አሉ፤ ስትገዙ ጠይቁ።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ ሞቅታው ነው። ይህን እቀበላለሁ። «ሞቅ ያለ» የሚለው ቃል ምንም አያስረዳም። ምንም ሳይነካ ዝም ብሎ የሚጮህ የመጋዝ ጥርስ ሞገድ ከጥሩ ዲጂታልና ከጥሩ አናሎግ ቢቀርብልኝ፣ እለያለሁ ብዬ አልምልም። የአናሎግ ወዳጆች ይህን ቃል ብንተወው የሚጠቅመው ራሳችንን ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሁለት አናሎግ ኦሲሌተሮችን አንድ ድምፅ ላይ ለማገናኘት ቀስ እያላችሁ ማዞሪያውን ስታዞሩ፣ የሚወዛወዘው ድምፅ እየዘገመ፣ እየዘገመ ይሄድና ባንዴ ይቆማል። እርስ በርስ ተሳስበው ተያዙ ማለት ነው። በአንድ ፓወር ሰፕላይ ስለሚኖሩ፣ የአንዱ ትንፋሽ በጥቂቱ ሌላው ጋ ይደርሳል። ክርስቲያን ሁይገንስ በ1665 አንድ እንጨት ላይ የተሰቀሉ ሁለት የፔንዱለም ሰዓቶች ቀስ በቀስ እንደሚናበቡ ያስተዋሉት ይህንኑ ነው። አንዳንድ መሐንዲስ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ያጠፋዋል። ጸሐፊው በዲጂታል ላይ ትንሽ የዘፈቀደ መወዛወዝ ቢጨመር ያው ነው ይላሉ። ያው አይደለም። ዘፈቀደ የሚወዛወዝ ነገር ጎረቤቱን አይሰማም።

የሞገዶቹን ቁጥር በተመለከተ፣ ጸሐፊው የቆጠሩት የፓኔሉን ጽሑፍ ነው። በእርግጥ ብዙው አናሎግ ሞጁል ሳይን፣ ሦስት ማዕዘን፣ የመጋዝ ጥርስና ካሬ ይሰጣል፤ አበቃ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዲተር ዶፕፈር የጀመሩት ዩሮራክ የተባለው የሞጁል ልክ ላይ ቦታ ውድ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው።

ግን እነዚህ አራቱ ያለቀላቸው ድምፆች አይደሉም። ጥሬ ዕቃ ናቸው። የመጋዝ ጥርሱ ሁሉንም ሃርሞኒክ፣ ማለትም የመሠረቱን ድግግሞሽ ብዜቶች ሁሉ፣ ይዟል። ካሬው ጎዶሎ ቁጥሮቹን ብቻ። ሦስት ማዕዘኑም ጎዶሎዎቹን ብቻ ይይዛል፣ ግን እየሳሱ የሚሄዱት በጣም በፍጥነት ነው፤ ለዚህ ነው ለስለስ የሚለው። የካሬውን ስፋት አጥብቡትና የዙሩ ሲሶ ላይ አቁሙት፤ 3ኛው፣ 6ኛውና 9ኛው ሃርሞኒክ ይጠፋሉ። ስፋቱን በቮልቴጅ ስታንቀሳቅሱት ያ ክፍተት በድምፁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይጓዛል። ይህ ከአንድ መውጫ የሚገኝ ነው። ሌላ ኦሲሌተር በሲንክ መግቢያው አስገቡና ዙሩን ከመሃል አስቆርጡት፤ ሌላ ዓለም ይከፈታል። ሦስት ማዕዘኑን ወደ ዌቭፎልደር ላኩት፤ ይተጣጠፋል፣ ሃርሞኒኩ ይፈላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አራቱም መውጫዎች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። አንዱን ወደ ፊልተር፣ አንዱን ወደ ሪንግ ሞጁሌተር፣ አንዱን ወደ ሌላ ኦሲሌተር መላክ ይቻላል። ከብዙ ዲጂታል ሞጁሎች የሚወጣው ደግሞ በአንድ ወይም በሁለት ጃክ ነው፤ ቀሪው ሜኑ ውስጥ ተራ ይጠብቃል። ደርዘን ሞገድ ኖሮ አንዱን ብቻ ማውጣትና አራት ሞገድ ኖሮ አራቱንም ማውጣት በቁጥር አይወዳደሩም።

አምስተኛውን አስቀድሜ ልጨርሰው፤ አጭር ነው። ቺፖቹ ጠፉ የሚለው ትክክል አይደለም። በጣም ታዋቂው የኦሲሌተር ቺፕ የዳግ ከርቲስ ሲኢኤም 3340 ነው። በፕሮፌት 5 ሦስተኛ ዕትምና በሮላንድ ኤስኤች 101 ሲንተሳይዘሮች ውስጥ የነበረው እሱ ነው። ለረጅም ጊዜ ምርቱ ቆሞ ነበር፤ እውነት። በ2016 ግን እንደገና ተመረተ። ሪጋ ውስጥ ያለው አልፋ የተባለው ድርጅትም ኤኤስ 3340 በሚል ስም አቻውን ይሠራል። ቺፑ ቢጠፋ እንኳ ኦሲሌተር በሁለት ተመሳሳይ ትራንዚስተር፣ በጥቂት ኦፕ አምፕና በአንድ ጥሩ ካፓሲተር ይሠራል። የተበላሸውን ክፍል አውጥቶ ሌላ መበየድ ይቻላል። ለፍትሕ ያህል፣ ሙታብል ኢንስትሩመንትስ የተባለው ሞጁል ሠሪ የዲጂታል ሞጁሎቹን ኮድ ለሁሉም ክፍት አድርጓል፤ እነዚያም ዕድሜያቸው ይረዝማል።

የቀረው ኤፍኤም ነው። ለእኔ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው፤ ጸሐፊው ግን በአንድ አንቀጽ አልፈውታል።

ኤፍኤም ማለት የአንዱ ኦሲሌተር ድምፅ የሌላውን ከፍታ በፍጥነት ሲያወዛውዘው ነው። ጆን ቾውኒንግ በ1967 ስታንፎርድ ላይ ያገኙት፣ በ1983 ያማሃ ዲኤክስ 7 የተባለው ሲንተሳይዘር ይዞት የወጣው የዲጂታል ኤፍኤም ጥራቱ አያጠያይቅም። ሁለቱ ድግግሞሾች ፍጹም በሆነ ንጽጽር መቆም አለባቸው፤ ዲጂታሉ ያንን ያለ ጥረት ያደርገዋል። የጠራ ደወል ከፈለጋችሁ እሱን ያዙ። እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ነገር ግን እሳቸው አናሎጉን የሚነቅፉት በኤክስፖኔንሻል ኤፍኤም፣ ማለትም ድምፁን በኦክታቭ ልክ በሚያወዛውዘው ነው። ድምፁን ወደ ላይ ይገፋዋል ይላሉ። ልክ ነው፣ ይገፋዋል። በ440 ሄርዝ ላይ ያለን ድምፅ በ1 ኦክታቭ ወደ ላይና ወደ ታች ብናወዛውዘው 880 እና 220 ይደርሳል። ወደ ላይ 440 ሄርዝ ሄደ፣ ወደ ታች 220 ብቻ። አማካዩ ስለዚህ ከፍ ይላል። ይህ የሒሳቡ ባሕርይ እንጂ የአናሎግ በሽታ አይደለም፤ ዲጂታልም ያንኑ ሒሳብ ቢሠራ ያንኑ ያገኛል። ዜማ ለመጫወት ሊኒየር መግቢያውን፣ ወደ ላይም ወደ ታችም በእኩል ሄርዝ የሚያወዛውዘውን፣ ተጠቀሙ። ለከበሮ፣ ለብረት ድምፅ፣ ለሚጮህና ለሚሰነጠቅ ነገር ኤክስፖኔንሻሉን።

አሁን ወደ ንጽሕናው። በሰከንድ 48000 ናሙና የሚሠራ ዲጂታል ኦሲሌተር ከ24000 ሄርዝ በላይ ያለውን መያዝ አይችልም። በ5000 ሄርዝ ላይ ያለ የመጋዝ ጥርስ 5ኛ ሃርሞኒኩ 25000 ነው። ጥንቃቄ ካልተደረገ ተገልብጦ 23000 ላይ ይወድቃል። 6ኛው 18000 ላይ፣ 7ኛው 13000፣ 8ኛው 8000። 9ኛው 3000 ላይ ይወድቃል፤ ከመሠረቱ ድምፅ በታች ማለት ነው። ለዚህ ጥሩ ጥሩ መድኃኒቶች አሉ፤ ረግቶ ለቆመ ሞገድ ችግሩ ተፈትቷል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ኤፍኤሙ ጥልቅ ሲሆንና ሲንክ ሲጨመርበት፣ አዳዲስ ድግግሞሾች ያለ ገደብ ይፈለፈላሉ። ያኔ መድኃኒቱ ለትንሹ ፕሮሰሰር ይከብደዋል። አናሎጉ ግን መትቶ የሚመለስበት ጣሪያ የለውም።

ሌላም አለ። ብዙ ዲጂታል ሞጁሎች የከፍታ ቮልቴጁን የሚያነቡት በሰከንድ ጥቂት ሺህ ጊዜ ብቻ ነው። ለኪቦርድ ከበቂ በላይ ነው። 3000 ሄርዝ የሆነ ሞገድ ስታስገቡበት ግን የሚያየው የተቆራረጠ ጥላውን ነው።

መዘግየትም አለ። ዲጂታሉ ድምፁን በትንሽ በትንሹ እያጠራቀመ ይሠራል። በ48000 ናሙና ላይ በ24 በ24 ቢያጠራቅም ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ዘገየ ማለት ነው። ለብቻው ሲጫወት ማንም አይሰማውም። ግን 1000 ሄርዝ ላይ አንዱ ዙር 1 ሚሊ ሰከንድ ነው። ግማሽ ሚሊ ሰከንድ የዘገየ ምልክት ግማሽ ዙር ቀርቶ፣ ተገልብጦ ነው የሚደርሰው። ሁለት ሞጁሎችን አንዱን በሌላው ስታወዛውዙ ይህ ሁሉን ነገር ይለውጠዋል።

ጸሐፊውን የምለምነው አንድ ሙከራ እንዲያደርጉ ነው። ሁለት አናሎግ ኦሲሌተር ይውሰዱ። ከአንደኛው ሦስት ማዕዘኑን ወደ ሁለተኛው ኤፍኤም ይስኩ። ከሁለተኛው ደግሞ ወደ አንደኛው። ሁለቱንም የኤፍኤም ማዞሪያዎች ዜሮ ላይ አድርገው ይጀምሩ፤ ከዚያ አንዱን በጣም በቀስታ ይክፈቱ። መጀመሪያ ድምፁ ይወፍራል። ሁለተኛውን ሲከፍቱ ጎርበጥ ይላል፣ ይሻክራል። ትንሽ ቆይቶ ይሰነጠቅና ጩኸት ይሆናል። እዚያ ላይ አያቁሙ። ማዞሪያውን የፀጉር ያህል ሲገፉት ከጩኸቱ መሃል ድንገት አንድ የጠራ ድምፅ ብቅ ይላል፤ ሌላ ፀጉር ያህል ሲገፉት ይጠፋል። ያቺን ቦታ በእጅዎ ፈልገው ሲያገኟት፣ ያኔ ስለ ኦሲሌተር እንደገና እናውራ።